አምፖሉን ያላየሁበት ሐሙስ

ደብረ ታቦር ትምህርት በጀመርኩበት ዓመት በአንዲት የክፍል ጓደኛዬ እጅ ቀናሁ። በውጤት እንኳ እበልጣታለሁ።

ቤተ ሙከራችን ውስጥ እኛ ሳንወለድ የተሠራ፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው፣ የኤሌክትሪክ ሞገድን በመስታወቱ ላይ በመስመር የሚያሳይ ኦሲሎስኮፕ አለ። ከፊቱ እንደ መሳቢያ የሚገቡና የሚወጡ ሞጁሎች አሉት። አንዱ ሞጁል የትራንዚስተር መፈተሻ ነው። ትራንዚስተሩን ሰክተው ሲያበሩት፣ ደኅና ከሆነ አረንጓዴ መስመሮች አንዱ ካንዱ በላይ ተደርድረው ይወጣሉ። ከሞተ ግን አንድ ጠፍጣፋ መስመር ብቻ ይታያል።

የቤተ ሙከራው ቴክኒሻን ያን ሞጁል እንድታስገባና እንድታወጣ የሚፈቅዱት ለዚያች ጓደኛዬ ብቻ ነበር። አባቷ ሬዲዮ ጠጋኝ ናቸው።

«የእሷ እጅ አይቸኩልም» ይላሉ ቴክኒሻኑ።

«የእኔስ፣ ጋሼ?»

«ያንተማ ዶሮ የሚያሳድድ ይመስላል!»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ እጆቼን ግን ኪሴ ከተትኩ።

ለእኔ የደረሰኝ አምፖል ማየት ነው። መሣሪያው እየሠራ ሞጁሉ ከተመዘዘ ይቃጠላል፤ ማብሪያው ደግሞ አርጅቶ አንዳንዴ ቢጫኑትም አያጠፋም። ስለዚህ እሷ ትጫንና «ጠፋ?» ትላለች፤ እኔ በመሣሪያው ጎን ያለው ቀይ አምፖል መጥፋቱን አይቼ «ጠፍቷል» እላለሁ። ያኔ ትመዛለች። ውሎ አድሮ ነገሩ እንደ ቅዳሴ ተሰጥዎ ሆነብኝ፤ እሷ ስትል አፌ በራሱ ይመልሳል።

አንድ ሐሙስ ዓይኔ ጣቶቿ ላይ ተተክሎ ነበር።

«ጠፋ?»

«ጠፍቷል።»

መዘዘችው። ጠሽ አለና የተቃጠለ ሽቦ ሸተተን።

ቴክኒሻኑ የተቆጡት እሷን ነው። «ማብሪያውን በደንብ ሳትጫኚ!» አንድ ቃል አልመለሰችም። እኔም ዝም አልኩ። ሞጁሉን ጠግነው ሲያመጡት ወንበሯን ለእኔ ሰጡኝ፤ እሷን አምፖሉ ፊት አስቀመጧት።

ስመኘው የኖርኩት ይኸው ነበር። ሞጁሉን ገፋሁት፤ መስመሮቹ አምረው ወጡ። እሷ ግን «ጠፍቷል» ከማለቷ በፊት ጎንበስ ብላ አምፖሉን ስታይ፣ እያንዳንዷ ቅጽበት ረዘመችብኝ።

ስንወጣ የጉና ተራራ ብርድ ፊታችንን ይገርፍ ነበር። ተከተልኳት።

«ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተ ትናገራለህ ብዬ ነዋ! መች አምፖሉን አየህ? ጠሽ ሲል ቀና ብል እጄን ነበር የምታየው።»

በማግስቱ ቴክኒሻኑ ዘንድ ቀረብኩ። «ጋሼ፣ ያን ዕለት አምፖሉን ሳላይ ነው የመለስኩት።»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «እህ! በል ወንበሯን መልስላት። አምፖሉንም ሌላ ሰው ያይልናል።»

ወንበሩን ለቀቅሁላት። እሷ ተቀመጠች፤ መዳፏን ዘርግታ ሞጁሉን በዝግታ ገፋችው። ሳይንገጫገጭ ገባ። በመናገሬ ቀሎኝ ነበር፤ እጇን ሳይ ግን እንደገና ቀናሁ።