የሰልማ መመሪያና ቀዩ መስመር

ሰልማ ዑስማን ሥራዋ ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ወረቀት መጻፍ ነው። የውኃ የእጅ ፓምፕ እንዴት እንደሚፈታና እንደሚገጠም ለገጠር ሰው የሚያስረዳ መመሪያ ትጽፋለች። እኔ ቅጣው ደግሞ የፓምፕ መካኒክ ነኝ። ሃያ ዓመት መፍቻ ይዤ ስዞር አንድም ቀን መመሪያ ገልጬ አላውቅም። ስለዚህ መሥሪያ ቤታችን ስትቀጠር «ይቺ ደግሞ ምን ልትሠራ ነው?» ማለቴን አልክድም።

አባቷ ሰቆጣ ላይ ሱቅ አላቸው። በልጅነቷ ከሬዲዮውም ከባትሪውም ካርቶን ውስጥ የሚወጣውን ወረቀት እየሰበሰበች ታነብ ነበር አሉ። አሁንም ከኮምፒውተሯ ይልቅ የምትመካው በቅባት በቆሸሸ ደብተሯና በዝምታዋ ነው። የጻፈችውን ለሰው ትሰጥና «በዚህ ብቻ ይሥሩ» ብላ ቁጭ ትላለች። ሰውዬው ሲሳሳት አፏን አትከፍትም፤ የተሳሳተበትን ቦታ ትመዘግባለች። ይህ ነገሯ ያበግነኛል።

ባለፈው የካቲት ከጽጽቃ አለፍ ብሎ ካለ መንደር አቤቱታ መጣ። የፓምፑ ጠባቂ መሪጌታ ገብረ አምላክ የሰልማን መመሪያ ይዘው ፓምፑን ሲፈቱ፣ ውኃ የሚስበው ረጅሙ የብረት ዘንግ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። ሰዉ ወደ ወንዝ ተመለሰ። የውኃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ ባንቺ የመፍቻውን ሳጥን ቁልፍ ወሰዱባቸው። ዕድሜ ልካቸውን መጽሐፍ ያነበቡ ሰው «ማንበብ አቃታቸው» ተባሉ፤ አፍረውም ከማኅሌት ቀሩ።

«ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሞ ይሆናላ» አልሁ።

«ዓይናቸው ቢደክም እጀታውን አውርደው ዘንጉ ድረስ እንዴት ደረሱ?» አለች ሰልማ። ነገሩ እንቅልፍ ነሥቷት ነበር። በማግስቱ ይዛኝ ሄደች፤ መኪናው ጽጽቃ አድርሶን ቀሪውን በእግር አስኬደችኝ።

ዘንጉን በመንጠቆ አወጣሁት፤ ዳግመኛ እንዳይወድቅም በገመድ አስሬ ፓምፑን መልሼ ገጠምሁት። ሰልማ ወረቀቱን ለመሪጌታ ዘረጋችላቸው።

«እኔ አልነካውም፤ ሌላ ሰው ፈልጉ» አሉ።

«እርስዎን ብዬ ነው የመጣሁት።»

ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እያነበቡ ጀመሩ። እስከ ተራ ቁጥር ሦስት እንከን የለውም። ተራ ቁጥር አራት «የዘንጉን መገጣጠሚያ ፍቱ» ይላል፤ ከሥሩ በቀይ ቀለም «ዘንጉን በመያዣ ሳታስሩ አትፍቱ» የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። መሪጌታ ፈቱ። ልጮህ ስል ሰልማ እግሬን ረገጠችኝ። ዘንጉ ተምዘግዝጎ ወረደና ገመዱ ያዘው።

«ይኸው! ይኸው ደግሞ!» ብለው ወረቀቱን ጣሉት።

«መሪጌታ፣ ቀዩን አላዩትም?» አለች ቀስ ብላ።

«አይቼዋለሁ እንጂ! የሚቀጥለው ክፍል ነው ብዬ ነው። በቀይ የሚጻፈው ርእሱ አይደለም እንዴ? የብራናው ሁሉ እንዲያ ነው፤ ቀይ ካየሽ የሚመጣውን ነው የሚከፍትልሽ፣ ያለፈውን አይደለም።»

ሰልማ ብድግ አለች። እንዲያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም፤ ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠ። ቀዩን የመረጠችውም ከሥር ያስቀመጠችውም እሷው ናት። እኔም ብሆን ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ፓምፕ ሲያበላሽ ተቆጣሁ እንጂ፣ ለምን እንዲያ እንዳደረገ ጠይቄ አላውቅም። አፈርሁ።

እዚያው ጉልበቷ ላይ ሌላ ወረቀት ዘርግታ ማስጠንቀቂያውን ከተራ ቁጥር አራት በላይ ጻፈችው፤ በቀይ። እኔ ዘንጉን በገመዱ ስቤ መልሼ ገጠምሁትና መሪጌታ እንደገና አነበቡ። ቀዩ ላይ ሲደርሱ መያዣውን አንሥተው ዘንጉን ጠፍረው አሰሩ፤ ከዚያ ፈቱ። ዘንጉ ንቅንቅ አላለም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለቻቸው ሰልማ። «እርስዎ በትክክል ነው ያነበቡት።»

 መሪጌታ ጀሪካን ይዘው ከቆሙት ሴቶች መካከል ወደ ወይዘሮ ባንቺ ዞር ብለው አዩ።

«እስቲ ጮክ ብለሽ በይው፣ ልጄ» አሉ። «ባንቺም ትስማው።»