ለማተብ ልትበሳ የነበረችው ወርቄ

ባለፈው ዓመት ነው፤ የልጄ ልጅ ክርስትና ሊነሣ ጥቂት ቀን ሲቀረው። የዚያን ዕለት ያህል በዕድሜዬ ደንግጬ አላውቅም። መጨረሻው ስላማረ ግን ባስታወስሁት ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የፋብሪካ መካኒክ ነኝ። የእንግሊዝን አሮጌ የወርቅ ሳንቲሞች መለየትና ደረጃ ማውጣት ማንም አላስተማረኝም፤ መዝገበ ቃላት እያገላበጥሁ መጻሕፍቱን አንብቤ ራሴን በራሴ አስተማርሁ። ባሕር ዳር ውስጥ የሚስተካከለኝ አለ ቢሉኝ አላምንም።

ካሉኝ ሁሉ አንዲቱ ትበልጣለች። በአንድ ወገኗ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረስ ሆኖ ዘንዶውን ይወጋል፤ በሌላው የእንግሊዝ ንግሥት አለች። እንዲህ ያለችውን ፕሩፍ ይሏታል፤ ለገበያ ሳይሆን ለማሳያ ተብላ በተወለወለ ማተሚያ የተመታች ማለት ነው። እንደ መስተዋት ፊት ታሳያለች፤ የጣት አሻራ እንኳ ያበላሻታል። አንድ የወረታ ነጋዴ እንደ ተራ ወርቅ በሚዛን ሸጠልኝ፤ እኔ ግን ምንነቷን በዓይኔ ለይቼ ገዛኋት። ደረጃው እስከ ሰባ ነው፤ ስልሳ አራት ሰጥቻታለሁ። ለሌላ ሰው ሳንቲም ይህን ያህል ሰጥቼ አላውቅም።

ያን ሰሞን ለለቅሶ ዘጌ አድሬ በጀልባ ተመለስሁ። እሷን በፕላስቲክ ከትቼ ያኖርሁበትን ሳጥን ብከፍት ባዶ ነው።

«ጥሩነሽ! ወርቄስ?» አልኋት ባለቤቴን።

«ከነፕላስቲኳ ለሰይድ ሰጠኋት፤ በስቶ ለልጅ ልጃችን ማተብ እንዲያደርጋት። ቅዱስ ጊዮርጊስን ያህል ነገር ሳጥን ውስጥ ታፍናለህ፤ አታፍርም?»

«ተበሳች?»

«ሳትበሳ በምን ትንጠለጠላለች? አንተ ደግሞ!»

ሰይድ ገበያው አጠገብ ያለ ወርቅ ሠሪ ነው። የተበሳች ሳንቲም ደረጃ የላትም፤ ተራ ወርቅ ሆና ቀረች ማለት ነው። ባጃጅ ውስጥ እንዴት እንደ ገባሁ አላውቅም።

«አባባ፣ የታመመ ሰው አለ?» አለኝ ሾፌሩ።

«አለ» አልሁት።

ሱቁ ስገባ መሰርሰሪያው ጠረጴዛው ላይ ነው።

«ጋሼ፣ እንኳን መጡ!» አለ ሰይድ። «ይቺ ነገር አስቸግራኛለች። ጊዮርጊስን አቅንቼ ልበሳ ስል ከጀርባ ያለችው ሴትዮ ተዘቅዝቃ ልትንጠለጠል ነው። እሷን ባቃና ፈረሱ ይገለበጣል። እትዬ ጥሩነሽ ቅዱሱን ዘቀዘቅህብኝ ቢሉኝ ማን ያስጥለኛል? እስክጠይቅ ብዬ ተውኋት።»

እሷ በተመታችበት ዘመን የእንግሊዞች የሳንቲም አመታት እንዲህ ነበር፤ የአንዱ ወገን ራስጌ የሌላው ግርጌ ነው። ይህን ለስንቱ ሰው አስረድቼ ማንም አልሰማኝም ነበር።

«በጣትህ ነካሃት?»

«ኧረ በጠርዟ ነው የያዝኋት! አንድ ቀን መጥተው ሥራ አስፈትተው የሳንቲም አያያዝ ሲያስተምሩኝ የዋሉትን እንዴት ልርሳው?»

አጉሊ መነጽሬን አውጥቼ አገላብጬ አየኋት። አንድ ጭረት የላትም። ዕንባዬ መጣ። አቧራ ገባብኝ አልሁት።

ለልጅ ልጄ ሰይድ ከብር ጊዮርጊስ ሠራለት። ጀርባው ልሙጥ ነው፤ የሚዘቀዘቅ ሰው የለበትም።

«ጊዮርጊስ ራሱን አዳነ እንጂ አንተ ምን አደረግህ?» ትለኛለች ጥሩነሽ እስካሁን። በዚህ አልከራከራትም። ሰይድን በጠርዝ መያዝ ያስተማርሁት ግን እኔ ነኝ።

አሁን ወርቄን ሳወጣ መጀመሪያ የማየው ተዘቅዝቃ ያዳነችኝን ንግሥት ነው። እፎይ እላለሁ፤ መልሼም ሳጥኑን እቆልፋለሁ። ቁልፉ ማተቤ ላይ ነው።