በቀይ እርሳስ የተከለለ ሰፈር

ከአዲስ አበባ የተላኩት ሹም የአሥመራን የታሪክ ሰፈር የከለሉት ከማኪና ሳይወርዱ ነው። እኔ የፕላን ክፍል ጸሐፊ ነበርሁ፤ አማርኛ በትምህርት ቤት ስለተማርሁ አስተርጓሚም አድርገውኛል። ሹሙ ካርታውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በቀይ እርሳስ ያሰምራሉ። ከመስመሩ ውስጥ የገባ ቤት ያለ ፈቃድ መስኮቱ እንኳ አይነካም፤ ውጪ የቀረው ግን ይፈርሳል። የጣሊያን ቪላዎችን አንድም ሳያስቀሩ አስገቡ። ወደ መደበር፣ ወደ ብረት ቀጥቃጮቹ ገበያ፣ ስንታጠፍ መዶሻው ጆሯቸውን ስለበጠበጠው የማኪናውን መስኮት ዘጉ፤ መስመሩም እዚያው ላይ አበቃ። ይህን ነው ጥናት ብለው በሦስት ቅጂ ያስጻፉኝ።

በሳምንቱ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ቢሮ መጡ። ከመደበር ጀርባ ያለው መንገዳቸው ከነቤቶቹ ለማኪና ማቆሚያ ሊፈርስ መሆኑን ሰምተዋል። አማርኛ ስለማይችሉ በእኔ በኩል በትግርኛ ተናገሩ፦ ቪላዎቹን የገነቡት እሳቸውና ጎረቤቶቻቸው ናቸው፤ የራሳቸውንም ቤት በዚያው ድንጋይ ሠርተውታል። አንዱ ታሪክ ከሆነ ሌላው ለምን ይፈርሳል?

ሹሙ ከወረቀታቸው ቀና እንኳ አላሉም። «ድንጋይ መሸከም ታሪክ አይደለም፤ ታሪኩ የፕላን ነዳፊው ነው በያቸው» አሉኝ።

እኔም ፈሪ ነበርሁና ደንቡ አይፈቅድም ይላሉ ብዬ አለሳለስሁት። ሽማግሌው ዐይን ዐይኔን አዩኝ።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ራሱ ያለውን ንገሪኝ።»

ነገርኋቸው። ኮፍያቸውን አንስተው ለእኔ ብቻ «የቐንየለይ» ብለው አመስግነው ወጡ። ሹሙ ምን እንዳሉ ጠየቁኝ። አመሰገኑ አልኋቸው። ደስ አላቸው፤ ሕዝቡ የሥልጣኔ ጥቅም እየገባው ነው ብለውም ለበላይ ሪፖርት አጻፉኝ።

ክረምቱ ሳይገባ መንገዱ ፈረሰ። በዚያው ወር ሹሙ የተከራዩት፣ ራሳቸው በመስመር የከለሉት ቪላ በሩ ለማኪናቸው ጠበበና ጥርብ የድንጋይ አጥሩ ተናደ። የፈቃዱን ደብዳቤ የጻፍሁት እኔ ነኝ። አመልካቹም ፈቃጁም ሹሙ ነበሩ፤ ሁለቱም ቦታ ላይ ፈረሙ፤ አላፈሩም። እኔም ማኅተሙን መትቼ ፋይሉ ውስጥ ከተትሁት። ከሳቸው የማልሻል መሆኔን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ሽማግሌው ጸጸራት በሚባለው ሰፈር ልጃቸው ቤት ገቡ። አንድ እሑድ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድሁ። የጎረቤት አጥር እየገነቡ አገኘኋቸው። የተዘጋጀሁበትን ሳልጨርስ የውኃ ልኩን ክር ጫፍ ሰጡኝ።

«አጥብቀሽ ያዢው፣ እንዳይጎብጥ።»

ግድግዳው ወገባቸው እስኪደርስ ያዝሁላቸው።