ያልማለችው ምስክር

ሰፈሩ ሁሉ «ብሎን» ነው የሚላት። ቁመቷ አጭር፣ ቃሏ ጥብቅ ነው። ስሙን ታላቅ ወንድሟ በልጅነቷ አወጣላት፣ በዚያው ተጣበቀባት። ሥራዋ ሊፍት መጠገን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ወገቧን በቀበቶ አስራ በሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ስትንጠለጠል ኖራለች፤ አንድ ሊፍት ሲያቃስት ከሰማች ምኑን እንዳመመው ታውቃለች።

በፈጣሪ አታምንም። ሰዎች ይህን ሲሰሙ «ምን በደል ደርሶባት ይሆን?» ይላሉ። ምንም አልደረሰባትም። እናቷ አጥባቂ አማኝ ናቸው፤ እሷም እስከ ሃያ ዓመቷ አብራቸው ስትጸልይ ነው ያደገችው። ከዚያ ጠየቀች፣ አነበበች፣ መልሱ አላጠገባትም፣ ተወችው። «እማዬ፣ እኔ አላምንም። ልዋሽሽ ደግሞ አልችልም» አለቻቸው። እናቷ ሁለት ቀን አኮረፉ፤ በሦስተኛው ቀን ምሳ አቀረቡላት።

አንድ ቀን በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የዕቃ ሊፍት ከሁለተኛ ፎቅ ወርዶ ተከሰከሰ። ውስጡ የነበሩት ስድሳ ዓመት ያለፋቸው የጥበቃ ሠራተኛ እግራቸው ተሰበረ። ፋብሪካው «ከልክ በላይ ጭነውበት ነው» ብሎ ጥፋቱን እሳቸው ላይ ላከከ። ሽማግሌው ከሰሱ። ከአደጋው ሦስት ሳምንት በፊት ሊፍቱን የመረመረችው ብሎን ስለነበረች ለምስክርነት ተጠራች።

የቀጠሮው ዕለት ጠዋት እናቷ፣ «እንደው ለዛሬ እንኳ እጅሽን መጽሐፉ ላይ ብትጭኚ ምን ይቆርጥሻል?» አሏት።

«እውነት ልናገር ሄጄ በውሸት ልጀምር?»

እናቷ ጫማቸውን አድርገው ተከተሏት።

ጸሐፊው መጽሐፉን ሲዘረጋላት፣ «አላምንበትምና አልምልም። እውነት ለመናገር በራሴ ክብር ቃል እገባለሁ» አለች። አዳራሹ አጉረመረመ። የፋብሪካው ጠበቃ ብድግ አለ።

«ክቡር ፍርድ ቤት! ፈጣሪን የማይፈራ ሰውን አያፍርም ይባላል። እቺ ሴት ብትዋሽ ማን ይጠይቃታል?»

«እኔ እጠይቃታለሁ» አሉ ዳኛዋ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው። «ሕጉ ይፈቅድላታል። ይቀመጡ።»

ብሎን የምታውቀውን ተናገረች። የፍሬኑ ሸራ አልቆ ነበር፤ ለፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ በጽሑፍ አሳውቃለች። ጠበቃው ቀዳዳ ያገኘ መሰለው።

«ያን ያህል አደገኛ ከነበረ ታዲያ ለምን አልዘጋሽውም?»

«ከልክለውኝ ነው» ብትል ማንም አይፈርድባትም ነበር።

«መዝጋት ነበረብኝ» አለች። «ሥልጣኑም ቁልፉም በእጄ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ‹ሥራ ተቆልሎብናል፣ አንድ ሳምንት ታገሺን› ሲሉኝ ይሉኝታ ያዘኝ፤ ሳምንቱ ካለፈም በኋላ ተመልሼ አልዘጋሁትም። ይኼ የራሴ ጥፋት ነው። ከላይ ሆኖ የሚያየኝ አለ ብዬ አላምንም። ውስጡ የሚሳፈር ሰው ግን ነበር፤ ማሰብ የነበረብኝ እሱን ነው።»

ሲወጡ እናቷ ጠበቃውን ኮሪደሩ ላይ አገኙትና፣ «ልጄስ ሰው አፈረች፤ አንተስ?» ብለውት አለፉ።

ለሽማግሌው ተፈረደላቸው። የብሎን የሙያ ፈቃድ ደግሞ ለስድስት ወር ታገደ። ይግባኝ አላለችም። በዚያው ሳምንት ሽማግሌው ቤት ሄዳ ይቅርታ ጠየቀች፣ ከዚያም በየማክሰኞው ወደ ሕክምና የምታደርሳቸው እሷ ሆነች።

«ልጄ፣ እጸልይልሻለሁ። ቅር ይልሻል?» አሏት አንድ ቀን።

«ኧረ ይጸልዩ አባባ! እኔ ደግሞ ደረጃው ላይ እደግፍዎታለሁ።»

ፈቃዷ በተመለሰ በመጀመሪያው ቀን አንድ ባለ ስምንት ፎቅ ቢሮ ገብታ፣ ክሮቹ የተበጣጠሱ የሊፍት ገመድ አየች። አላመነታችም፤ ሊፍቱን አጥፍታ ቆለፈችው። ሠራተኛው በደረጃ እያለከለከ ሲወጣ ስድቡን አወረደባት። አለቅየው ስልክ ደወለ፣ ለመነ፣ ፎከረ። እሷ የመሣሪያ ሳጥኗ ላይ ተቀምጣ ዳቦዋን እየገመጠች፣ «አዲሱ ገመድ ሲመጣ ይከፈታል» ትላለች።