አባቴ ከወንድሜ ጋር ቢገጥም

ደሴ ላይ ወንዶች ሲያረጁ ሥራቸው ሙታንን ማደባደብ ነው። ቢያንስ በአባቴ ልብስ ስፌት ቤት እንደዚያ ነበር። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሦስት ጓደኞቹ ይመጣሉ። አንዱ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ክርስቲያን ቢሆንም ሰላቱ የሚያልቅበትን ሰዓት ከሰጋጆቹ እኩል ያውቃል። አግዳሚው ላይ ተደርድረው ጫታቸውን ይዘረጉና፣ ድሮ በጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ያዩትን ቦክሰኛ ከመቃብር አስነስተው ስልክ ላይ ከሚያዩት የዛሬ ግዙፍ ጋር ያጋጥሙታል። ሕጋቸው አንድ ነው፦ ሁሉም ሰው ጉልበቱ ሳይከዳው፣ በደህና ቀኑ ይወሰዳል። ዙሩ ዐሥራ አምስት ይሁን ዐሥራ ሁለት በሚለው ብቻ ከሰዓቱን ሙሉ ሲጯጯሁ ሰምቻለሁ። እኔ ጥግ ባለችው የስፌት መኪና ላይ እጅጌ እየገጠምኩ፣ "ለሞተ ሰው ምን አስጨነቃችሁ?" እላለሁ። ማን ሰምቶኝ!

ዳኛው አባቴ ነው። በወጣትነቱ ኮምቦልቻ ውስጥ ለፋብሪካ ቡድን ቦክስ ይጫወት ነበር። የማይፈርደው አንዲት ግጥሚያ ብቻ ነበረች፤ እሱ በጉብዝናው ዘመን ከወንድሜ ጋር ቢገጥም ማን ያሸንፋል የምትለዋን። ወንድሜ ታናሼ ነው፤ እሱም ቦክሰኛ ነው፣ በክብደቱ ደሴ ውስጥ የሚችለው አልተገኘም። "ተዉኝ እስቲ፣ አባትና ልጅ አይጋጠምም" ብሎ መቀሱን ያነሳል።

አባቴ አንድ ልማድ አለው። ወንድሜን ከልጅነቱ ጀምሮ ሳያስጠነቅቀው የክር ጥቅል ይወረውርበታል፤ ወንድሜም ሥራውን ሳያቋርጥ ይቀልባል። ኮምቦልቻ ላይ ለሚጋጠመው ግጥሚያ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት ሱቁን እንደከፈትን፣ ከግራው በኩል ወረወረበት። ክሩ ጉንጩን መትቶት ወደቀ። ወንድሜ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም፤ ደግሞ ወረወረ። አሁንም ፊቱ ላይ አረፈ።

"ግራ ዓይንህ ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለው።

"ከክረምት ወዲህ። ጥላ ነገር ነው አባዬ። ይህቺን አሸንፌ ለክልል ቡድን ልመረጥ እንጂ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሄጄ እታያለሁ፣ ወላሂ።"

"እስከዚያ ዓይንህ ይጠፋል።"

"ለአሰልጣኙ ከነገርክብኝ አለቀልኝ።"

ወንድሜ ሲወጣ አባቴ ወደ እኔ ዞረ። "ለአሰልጣኙ ነግሬ ሰው ፊት አላዋርደውም። ዱዓ እነፍገዋለሁ። ያለ ዱዓዬ የትም ሄዶ አያውቅም።" እውነቱን ነው፤ ወንድሜ አባቴ እግር ሥር ሳይንበረከክ ተጋጥሞ አያውቅም።

ዓርብ ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም ሱቁ ደጃፍ ድረስ ገብቶ ነበር። ወንድሜ ቦርሳውን አንግቶ መጣ። ሹፌሩ ሲያየው እጁን አጨበጨበ።

"በል ዛሬስ ትፈርዳለህ! አንተ በጉብዝናህ፣ ከዚህ ጋር።"

አባቴ ወንድሜን ትክ ብሎ አየው። "በሁለተኛው ዙር እጥለዋለሁ" አለ።

ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈረሱ። "እንዴት አድርገህ?" አሉት። ምክንያቱን የምናውቀው ሦስታችን ብቻ ነበርን። ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ ተንበረከከ።

"አባዬ፣ ዱዓ አድርግልኝ።"

የአባቴ እጆች ጉልበቱ ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ። ሳቁ ቆመ።

"ኧረ በሕግ! በገዛ ልጅህ ትቀናለህ?" አለ ሹፌሩ።

ከሦስቱ በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ ግን ቁጣ አላሳዩም። "አብሽር የኔ ልጅ፤ እኛስ አባቶችህ አይደለን?" ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ወሎ ላይ የተንበረከከን ልጅ ማን ሳይመርቅ ይተዋል? "አላህ ክንድህን ያጽናው። የመጣብህን ያሳይህ። በሰላም ሄደህ በሰላም ግባ።"

"አሚን" አሉ። ሹፌሩ "አሜን" አለ። ከሁሉም ኋላ አንድ ቀጭን "አሚን" ሰማሁ። የአባቴ ድምፅ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ዱዓ ሲደረግ አሚን ያለ አፍ፣ ዛሬም ሳያስፈቅደው አለ። ወዲያው እጁን አፉ ላይ ጫነ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወንድሜ ፊቱ በርቶ ጉልበቱን ሳመው።

ተከትዬው ወጣሁ። "አትሂድ!" ብዬ ክንዱን ያዝኩት።

"አባዬ አሚን ብሏል" አለኝና ጉሙ ውስጥ ገባ።

በማግሥቱ እኔና አባቴ በሚኒባስ የሀረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወረድን። ጉሙን ከኋላችን ትተን የኮምቦልቻ ሙቀት ሲቀበለን፣ "ለአሰልጣኙ እንንገረው" አልኩት።

"አሚን ብዬ ደግሞ ላፍርስ? ዱዓው ይድረስለት።"

ተናደድኩበት። እስካሁንም አልበረደልኝም።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። የመጀመሪያውን ዙር ወንድሜ ወሰደው፤ አባቴን ከኋላ ሰዎች ትከሻውን እየመቱ እንኳን ደስ አለህ አሉት። አልሰማቸውም። ሁለተኛው ዙር ሲጀመር እጆቹ ከጉልበቱ ተነስተው አገጩ ሥር ገቡ፤ ትከሻው ከወንድሜ ትከሻ ጋር አብሮ ይንቀሳቀስ ጀመር። ተጋጣሚው ልጅ ዞሮ በወንድሜ ግራ በኩል ቆመ። ቀኝ እጁ ከሩቅ ሲነሳ፣ ከእጅጌ በቀር ምንም የማላውቀው እኔ እንኳ አየሁት።

አባቴ ወንበሩ ላይ ጎንበስ አለ። ወንድሜ አልጎነበሰም።