ዓሣ የገደለው የካላክላ ቦይ

ዛሬ ጠዋት ውሃ ልንቀዳ ብንወርድ ሰፈራችን ካላክላ ባለው ቦይ ላይ የሞቱ ዓሦች ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፍፈዋል። ትናንት ጎናችን ያለው የአትክልት እርሻ የተባይ መድኃኒት ሲረጭ ነው የዋለው።

ረፋዱ ላይ የውሃ መርማሪ መጣና መሣሪያውን ነከረ።

ነፍሰ ጡሯ ጎረቤቴ መሪማ በአክብሮት «ያ ኡስታዝ፣ እንጠጣው?» አለችው።

«ይሄ የሚለካው ጨውና ድፍርስነት ነው፤ መርዙን አይለይም። የሚለየው መሣሪያ እኛ ጋ የለም፣ ናሙናው ውጭ አገር ይላካል።»

«እስከዚያስ?»

«አላህ ከሪም፣ አላህ ቸር ነው» ብሎ መኪናው ውስጥ ገባና የታሸገ ውሃውን ጠጣ። (እሱስ መልሱን ያውቀዋል!)

ቧንቧችን ከደረቀ ሰንብቷል። አመሻሽ ላይ መሪማ ጀሪካኗን ይዛ ወደ ቦዩ ስትወርድ ልከለክላት ፈለግኩ፤ ግን ምን ጠጪ ልበላት? እኔም ጀሪካኔን አንስቼ ተከተልኳት።

ሌሎቹ ሰፈሮች፣ ሐጅ ዩሱፍና አርካዊት ያላችሁ፣ እንዲህ ሲገጥማችሁ ምን ጠጣችሁ?