እማማ የተሳለሙት የእንግሊዝኛ ደብተሬ

ትናንት ጠዋት ከሜክሲኮ ልደታ በምትሄድ ታክሲ ውስጥ እንግሊዝኛ ስሸመድድ የደረሰብኝን ልንገራችሁ...

ልደታ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ለጸሐፊነት ልፈተን እየሄድኩ ነው። እዚያው ቤት ሁለቴ ተፈትኜ ሁለቴም የጣለኝ እንግሊዝኛው ነው። ስሙን ከግሱ፣ ግሱን ከቅጽሉ ለዪ ሲሉኝ ሁሉም አንድ ይሆንብኛል። የግሱ ሦስት መልክማ ባይነሳ ይሻላል። አሁንም ከወደቅኩ የሚጠብቀኝ እናቴ ሱቅ ውስጥ ሽንኩርት መመዘን ነው።

ስለዚህ ግሶቹን በሙሉ አንዲት ትንሽ ደብተር ላይ ገልብጫቸዋለሁ። ሽፋኗ ጥቁር ነው፣ ጠርዟ ተላልጧል። ጠዋት ስለበረደኝም የእናቴን ነጠላ ተከናንቤያለሁ። ልጅ ሆነን እንደለመድነው ወዝወዝ እያልኩ፣ ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስኩ... «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን... ኢት፣ ኤት፣ ኢትን...»

አጠገቤ የተቀመጡት እናት ድንገት ሾፌሩ ላይ ጮኹበት።

«አንተ ልጅ፣ ዘፈኑን ዝጋው እንጂ! ልጅቷ እየጸለየች አይደል እንዴ?»

ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና ዘጋው። ታክሲው ጸጥ አለ። አሁን ማን ደፍሮ «ኧረ ግስ ነው» ይላል? በሐፍረት አንገቴን ደፍቼ ቀጠልኩ... ብሬክ፣ ብሮክ፣ ብሮክን።

«አሜን» አሉ እማማ። ከኋላ ወንበርም አንድ ሰው «አሜን» አለ።

ልደታ ልንደርስ ስንል ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«የኔ ልጅ፣ የታሰረው ልጄ ዛሬ ፍርድ ቤት ይቀርባል። በጸሎትሽ አስቢን። እኔ ወለተ ሥላሴ ነኝ፣ እሱ ገብረ ማርያም ነው።»

«እማማ፣ እኔ እኮ እየጸለይኩ...»

«አልነበረም ልትዪኝ ነው? የሚጸልይ ሰው መች እጸልያለሁ ይላል!»

ደብተሬን ከእጄ ወስደው ግንባራቸውን አስነክተው ተሳለሟት። ከዚያ መልሰው ሰጥተውኝ ወረዱና ወደ ፍርድ ቤቱ አዘገሙ።

ፈተናው ላይ ሁሉም መጣልኝ ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር... ግማሹ መጣ፣ ግማሹ ጠፋ። የስም ምሳሌ ስጪ የሚለው ጋ ስደርስ ግን እጄ ሳያማክረኝ በእንግሊዝኛ ፊደል «ወለተ ሥላሴ» ብሎ ጻፈ።

ስወጣ አላስችል አለኝ። ምስኪን እናት አታልዬ እንዴት ቤቴ እገባለሁ? ልደታ ማርያም ደጅ ቆሜ፣ ያለ ደብተር፣ የምሬን ለእናትም ለልጅም ጸለይኩ። ስለ ራሴ ፈተና መጸለይ ትዝ ያለኝ ጌጃ ሰፈር ከደረስኩ በኋላ ነው።

ውጤቴ ገና ነው። ገብረ ማርያም ከተፈታ ግን... በ«ብሬክ፣ ብሮክ፣ ብሮክን» ከእስር የወጣ የመጀመሪያው ሰው ይሆናል።